«በጣም ረክቻለሁ» ያለችው አንባቢ ምን ሳታገኝ ሄደች?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቤተ መጻሕፍት የተጠቃሚዎች ጥናት ላይ ስሠራ፣ የእኔ ድርሻ መውጫው በር አጠገብ ቆሞ መጠይቅ ማደልና የተሞላውን መሰብሰብ ነበር። አንዲት ወጣት ገና ስትገባ ጀምሮ ልብ ብያት ነበር። ካታሎጉ የሚታይበት ኮምፒውተር ፊት ቆማ አንድ ነገር ጻፈች፤ አጠፋችና እንደገና ጻፈች። ወደ መደርደሪያዎቹ ሄዳ ብዙ ቆየች። ከዚያ ባለሙያ የአንባቢዎችን ጥያቄ ወደሚመልስበት የማጣቀሻ ክፍል ጠረጴዛ ቀረብ አለች፤ ባለሙያው ቀና ብሎ ሲያያት ግን ሌላ ጉዳይ እንዳላት ሁሉ አቅጣጫዋን ቀየረች። በመጨረሻም ምንም ሳትይዝ ወደ በሩ መጣች፣ መጠይቁን ተቀበለችኝ፣ ተረጋግታም ሞላችው። «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» በሚለው ጥያቄ ሥር ምልክት ያደረገችው «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ነበር።

የሥራው መመሪያ ቅጹን ተቀብሎ ከማመስገን ያለፈ ነገር አይፈቅድም። እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝምና «ይቅርታ፣ የፈለጉትን አግኝተዋል?» አልኳት። «አይ፣ አላገኘሁትም» አለች። ዓይኔን ወደ ቅጹ ስመልስ የገረመኝ ነገር ገባትና «ቤተ መጻሕፍቱማ ምን አጠፋ? መፈለግ ያልቻልኩት እኔ ነኝ እኮ» ብላኝ ሄደች።

ይህ መልስ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ወጣቷ አልዋሸችም፤ የተጠየቀችው ስለ አገልግሎቱ ነው፣ አገልግሎቱን ደግሞ የምትወቅስበት ምክንያት አልታያትም። ቅጹም ያለ ጉድለት ተሞልቷል። ኮምፒውተር ላይ «5» ተብሎ ይገባል፣ ከሌሎች አምስቶች ጋር ተደምሮ አማካዩን ከፍ ያደርጋል፣ ሪፖርቱም አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች መርካታቸውን ይገልጻል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ ያጭበረበረ ሰው የለም፤ ሆኖም ፈልጋ ያጣች አንባቢ በመጨረሻው ገጽ ላይ የስኬት ማስረጃ ሆና ትቀመጣለች። ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ መረጃ ተጠቃሚዎች የተሠሩትን ጥናቶች እንደገና እንዳነብ ያደረገኝ ይህ ነው። ያን ቀን የያዝኩት ዓይነት መጠይቅ ከዚህ የተለየ ነገር ሊያይ ይችል ነበር ወይ የሚለውን ለማወቅ ፈለግሁ።

እርካታ ምን ይለካል?

እርካታ ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም፤ ሰው ከሚጠብቀው ነገር ጋር ተነጻጽሮ የሚሰማ ስሜት ነው። ይህን የተረዱ የንግድ አገልግሎት ተመራማሪዎች በ1988 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰርቭኳል የተባለውን መለኪያ አወጡ፤ በ2000 ደግሞ የአሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሊብኳል የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት መጠይቅ ከዚሁ ተነሥቶ አዘጋጀ። ተጠያቂው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሦስት ጊዜ ይመዝናል፦ ከዚህ በታች አልቀበልም የሚለውን፣ ቢሆንልኝ የሚለውን፣ አሁን ያለው የሚመስለውን። ዋናው መጠይቅ 22 ነጥቦችና አንድ የአስተያየት ሣጥን አለው። «ረክተዋል ወይ?» ብሎ በደፈናው ከመጠየቅ እጅግ የተሻለ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በሩ ላይ ያገኘኋትን ወጣት የመሰለ ከመጀመሪያውም ብዙ የማይጠብቅ ሰው በዚህም መለኪያ ቢሆን በሚጠብቀውና አለ በሚለው መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ሆኖ ነው የሚወጣው። ትንሽ የሚጠብቅ በትንሽ ይረካል፤ ቁጥሩ ደግሞ ትንሽ ከመጠበቅ የመጣውን እርካታና ከጥሩ አገልግሎት የመጣውን አይለይም።

ከዚህ ጋር አያይዤ ሳስበው የምደነቅበት ሌላ ጥናት አለ። ፒተር ኸርነንና ቻርለስ ማክሉር በ1986 ባሳተሙት ሥራ፣ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄዎችን የያዙ ሰዎች እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ሆነው ወደ ማጣቀሻ ክፍል እየሄዱ እንዲጠይቁ አደረጉ። ባለሙያዎቹ ትክክለኛ መልስ የሰጡት ከ100 ጥያቄ 55 ያህሉን ነበር። በእውነተኛው ሕይወት እነዚያን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን በምን ያውቃል? በትሕትና ተስተናግዶ የተሳሳተ መልስ ይዞ የሄደ ሰው ደስ ብሎት ቅጹን ይሞላል። የዘዴው ሥነ ምግባር ግን ይከብደኛል፤ ባለሙያው እየተፈተነ መሆኑን ሳያውቅ ነው የሚፈተነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆአን ዱራንስ ነገሩን በሌላ በኩል ያዘችው፤ «ወደዚያው ባለሙያ ተመልሰው ይሄዳሉ?» የሚለውን የመለኪያዋ ማዕከል አደረገች። ይህ ጥያቄ ስለ ስሜት ሳይሆን ሰው ወደፊት ሊያደርገው ስለሚችለው ነገር ስለሚጠይቅ፣ ይሉኝታ የሚገባበት ቀዳዳ የጠበበ ይመስለኛል።

ጥፋትን ወደ ራስ መውሰድ

ወጣቷ ወደ ማጣቀሻ ጠረጴዛው ቀርባ የተመለሰችባትን ያችን ቅጽበት ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ የኮንስታንስ ሜሎን ሥራ ነው። ሜሎን ለሁለት ዓመት ያህል የ6,000 ተማሪዎችን ጽሑፍ ሰበሰበች፤ ተማሪዎቹ በድርሰት ትምህርታቸው ላይ ቤተ መጻሕፍት ገብተው መረጃ ሲፈልጉ የተሰማቸውን በማስታወሻ ደብተር ይጽፉ ነበር። ውጤቱ በ1986 ሲወጣ ከ75 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት የመጀመሪያ ስሜታቸውን የገለጹት በፍርሃት መሆኑን አሳየ። ከመቶኛው ይልቅ እኔን የያዘኝ የፍርሃቱ አሠራር ነው። ተማሪው ሌሎቹ ሁሉ የሚችሉትን እኔ ብቻ አልችልም ብሎ ያምናል፤ አለማወቁ አሳፋሪ ስለሆነ መደበቅ እንዳለበት ይሰማዋል፤ ጥያቄ ከጠየቀ ደግሞ የደበቀው ይገለጥበታል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ፣ በዚህ አሠራር ውስጥ የሚቀረው እርዳታው ብቻ ሳይሆን እርዳታ የሚያስፈልግ መሆኑ የሚታወቅበት መንገድም ጭምር ነው።

ሜሎን ይህን ልታይ የቻለችው በዘዴዋ ነው። «ቤተ መጻሕፍት ያስፈራዎታል?» የሚል ባለ አምስት ደረጃ ጥያቄ አላቀረበችም፤ ሰዎች በራሳቸው ቃል የጻፉትን አንብባ፣ ተደጋግሞ የመጣውን ሐሳብ እያሰባሰበች ንድፈ ሐሳቡን ከታች ወደ ላይ ገነባች። መለኪያው በኋላ የመጣ ነው፤ ሻሮን ቦስቲክ በ1992 ያዘጋጀችው 43 ነጥቦች ያሉት የቤተ መጻሕፍት ፍርሃት መለኪያ በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ ትልቅ ትርጉም አለው። ብዙ የመመረቂያ ጥናቶች የተዘጋጀ መለኪያ ተውሰው፣ ቦታና ናሙና ቀይረው ይጀምራሉ፤ መለኪያው ውስጥ ያልተካተተ ነገር እነርሱ ዘንድም አይኖርም።

ከዚህም ቀደም ብሎ ሮበርት ቴይለር በ1968 የሰው የመረጃ ፍላጎት አራት ደረጃዎችን እንደሚያልፍ ጽፎ ነበር። መጀመሪያ በቃል የማይገለጽ የጎደለኝ አለ የሚል ስሜት ነው። ቀጥሎ በአእምሮ ውስጥ ግልጽ ያልሆነ መልክ ይይዛል፤ ከዚያ በጥያቄ መልክ ይቀረጻል፤ በመጨረሻም ካታሎጉ ወይም ባለሙያው ይረዳዋል ተብሎ በሚታሰበው ልክ ተቆራርጦ ይቀርባል። እኛ የምናየው ይህን አራተኛውን ብቻ ነው። ወጣቷ ጽፋ ያጠፋችው ቃል ምን እንደነበረ ባላውቅም፣ ያጠፋችው ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ስትሻገር እንደሆነ እገምታለሁ።

የዘርፉ ታሪክ ሲነገር 1986 የሚጠቀሰው በብዛት በብሬንዳ ደርቪንና በማይክል ኒላን የግምገማ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ከ1948ቱ የለንደን የሳይንሳዊ መረጃ ጉባኤ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው የሚጠይቁት ሰዎች የትኛውን ምንጭ፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ለምን ዓላማ እንደሚጠቀሙ ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከሥርዓቱ ተነሥቶ ሰውን ከመመልከት ይልቅ ሰውየው ካለበት ሁኔታ ተነሥቶ ሥርዓቱን መመልከት እንደሚሻል ተከራከሩ። የካሮል ኩልታውም ጥናት በዚያው ዘመን አካባቢ ነው የመጣው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጀምራ ስድስት የፍለጋ ደረጃዎችን ከነስሜታቸው አስቀመጠች። በሦስተኛው፣ ማለትም ርእስ ከተመረጠ በኋላ ባለው የአሰሳ ደረጃ፣ መረጃ እየበዛ ሲሄድ በራስ መተማመን እንደሚወርድ አሳይታለች። መረጃ ማግኘት ጥርጣሬን ይቀንሳል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ግኝት አይደለም።

«ለመጨረሻ ጊዜ የመጡ ዕለት ምን ሆነ?»

በበሩ ላይ ከሆነው በኋላ ለሥራ ባልደረቦቼ ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የእርካታው ጥያቄ ይቅርና ስለ አንድ የተወሰነ ፍለጋ እንጠይቅ አልኩ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጆን ፍላናጋን በ1954 የገለጸው፣ መነሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የተሠራው የሥነ ልቦና ጥናት የሆነው የወሳኝ ክስተት ዘዴ ነው። ሰውየው «አብዛኛውን ጊዜ ምን ያደርጋሉ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ለመጨረሻ ጊዜ የሆነውን ይንገሩኝ» ይባላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። «አብዛኛውን ጊዜ» ሲባል ሰው ሊሆን የሚፈልገውን አንባቢ ይገልጻል፤ «ለመጨረሻ ጊዜ» ሲባል ግን የሆነውን ለማስታወስ ይገደዳል። የደርቪን ቃለ መጠይቅ ደግሞ ክስተቱን በቅደም ተከተል እየከፋፈለ በእያንዳንዱ ደረጃ የት እንደ ቆሙና ምን ጥያቄ እንደ ተነሣባቸው ይመረምራል። አድካሚ ነው፤ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ በጀት የሚሰጡ ኃላፊዎችም ናሙናው ለምን አነሰ ማለታቸው አይቀርም።

ጥያቄውን ከቀየርን በኋላ የመጡት መልሶች ከቀድሞው ጋር የሚወዳደሩ አልነበሩም። ሰዎች ስለ መደርደሪያ ቁጥር፣ ስለ ጠፋ መጽሐፍ፣ ስለማይገባ የካታሎግ ቃል ነገሩን። ደጋግሞ የመጣው ግን «እኔ በደንብ ስላልፈለግሁ ነው» የሚለው አባባል ነበር፤ ያውም መጽሐፉ በውሰት ወጥቶ ጭራሽ መደርደሪያው ላይ ባልነበረበት ጊዜ ጭምር።

መልሶቹን ለመመደብ የተጠቀምነው ፖል ካንቶር በ1970ዎቹ ያዳበረውን የቅርንጫፍ ትንተና ነው። ዘዴው አንድ አንባቢ የፈለገውን መጽሐፍ ያጣበትን ምክንያት በተርታ ያጣራል። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን ገዝቶታል ወይ? ከገዛው ሌላ ሰው ተውሶታል ወይ? ካልተዋሰው በቦታው ተቀምጧል ወይስ የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ገብቷል? እነዚህ ሁሉ ታልፈው መጽሐፉ በትክክለኛው ቦታ ተቀምጦ አንባቢው ካላገኘው፣ መንስኤው የተጠቃሚ ስህተት ተብሎ ይመዘገባል። ዘዴውን እወደዋለሁ፤ ውድቀትን በግልጽ የሚቆጥር፣ ለውጥ የት መደረግ እንዳለበት የሚጠቁም ከእርሱ የተሻለ ቀላል መሣሪያ አላውቅም። ሆኖም የመጨረሻው ቅርንጫፍ ስም ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ወጣቷ በሩ ላይ የነገረችኝን ነው እኛም ሠንጠረዥ ላይ ልንጽፈው የተዘጋጀነው። እርሷ ራሷን ወቀሰች፤ እኛ ደግሞ ወቀሳዋን ተቀብለን በመቶኛ ልናስቀምጠው ነበር።

መዝገቡ ያየውና ያላየው

አንድ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ልፋት ትተን የካታሎጉን የፍለጋ መዝገብ ብንመረምር ይሻላል አለ። ሰው ይሉኝታ ይዞት ይናገር ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ግን የተጻፈውን ሁሉ ሳያድበሰብስ ይይዛል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ላለፉት አሠርት ዓመታትም ዘርፉ ያለማቋረጥ ወደዚህ አቅጣጫ ሲያዘነብል ቆይቷል። በ2000 የታተመው የጃንሰን፣ የስፒንክና የሳራሴቪች ጥናት ከኤክሳይት የፍለጋ ሞተር የተወሰዱ 51,473 ፍለጋዎችን መርምሮ፣ ሰዎች በአማካይ ከሁለት ብዙም የማይበልጡ ቃላት እንደሚጽፉ አሳይቷል። ይህን በቃለ መጠይቅ ማወቅ አይቻልም፤ ስንት ቃል እንደ ጻፈ የሚያስታውስ ሰው የለም።

እኛም መዝገቡን ከፈትን። ያለ ውጤት የቀሩ ፍለጋዎችን አገኘን፤ አንድ ቃል ተጽፎ፣ ፊደሉ ተቀይሮ፣ እንደገና ተጽፎ፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ምንድን ነው? አግኝቶ ሄደ? ሰልችቶት ተወው? አጠገቡ ያለ ሰው ረዳው? መዝገቡ አይናገርም። ወደ ማጣቀሻ ጠረጴዛው ቀርቦ መመለስም በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አይመዘገብም። የግል ሚስጥር ጉዳይም አለ። በ2006 የአሜሪካው የኢንተርኔት ኩባንያ ኤኦኤል የ650,000 ያህል ተጠቃሚዎቹን 20 ሚሊዮን ገደማ ፍለጋዎች ስማቸውን በቁጥር ተክቶ ለተመራማሪዎች በይፋ ሲለቅ፣ ጋዜጠኞች ከፍለጋዎቹ ይዘት ብቻ ተነሥተው የአንዷን ማንነት አግኝተዋል። አንባቢ ምን እንዳነበበ በሚስጥር መያዝ የቤተ መጻሕፍት ሙያ የቆየ ግዴታ ነው፤ አሁን ለጥናት ተብሎ የሚጠየቀው መዝገብ ግን ከቀድሞው የውሰት ካርድ እጅግ የበለጠ ይናገራል።

መካከለኛ መንገድ አድርጌ የማየው የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲውን ጥናት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ናንሲ ፎስተርና ሱዛን ጊበንስ በ2007 ባሳተሙት ሥራ ተማሪዎች ካሜራ ተሰጥቷቸው የሚያጠኑበትን ቦታና የሚይዙትን ነገር ፎቶ እንዲያነሡ፣ የቀን ውሏቸውንም በካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ ተደርጓል። ተጠቃሚው ተቆጣሪ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃውን ራሱ ሰብሳቢ ሆነ። ያነሣውን ፎቶ ይዞ ሲያስረዳ ደግሞ «ረክቻለሁ» በሚል አንድ ቃል የሚያመልጥበት መንገድ የለም።

ስለ ዘዴ ሳወራ አንድ ትዝብቴን ልናገር። ዛሬ ብዙ ጥናቶች ቅይጥ ዘዴ፣ ማለትም መጠይቅንና ቃለ መጠይቅን አንድ ላይ፣ ተጠቅመናል ይላሉ። ስታነቧቸው ግን መጠይቁ ድምዳሜውን ሁሉ ይሰጣል፤ ቃለ መጠይቁ ሠንጠረዡ አስቀድሞ የተናገረውን የሚደግፉ ሁለት ሦስት ጥቅሶች ያዋጣል። መጠይቁን የሚቃረን ጥቅስ ያስቀመጠ ጥናት ባገኝ ከአንድ መቶ መጠይቅ አስበልጬ አነበዋለሁ።

በበሩ ያላለፉት

በር ላይ የሚቆም አጥኚ የሚያገኘው የመጡትን ብቻ ነው። ዘርፉም በጥቅሉ እንዲሁ ነው፤ የጥናቶቹ ብዛት ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ላይ ያጋደለ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ ከተማሪው የቀረበ ናሙና የለም። ከዚህ ክልል ወጥታ የሠራችው ኤልፍሪዳ ቻትማን ናት። የጽዳት ሠራተኞችን፣ በመጦሪያ መኖሪያ ያሉ አረጋውያን ሴቶችንና በእስር ላይ ያሉ ሴቶችን አብራቸው እየዋለች አጠናች። መረጃ እያስፈለጋቸው የማይፈልጉበት ምክንያት ስንፍና ወይም የምንጭ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ አሳየች፤ ሰዎች ችግራቸውን የሚሰውሩት፣ አንዳንዴም ያልሆነውን የሚናገሩት ራሳቸውን ለመጠበቅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል የሚደብቀውን ሰው ይወቅሳል፤ ቻትማን ግን መደበቁ በዚያ ሰው ትንሽ ዓለም ውስጥ አስተዋይነት ሊሆን እንደሚችል ታስረዳለች። ሜሎን በተማሪዎቹ ላይ ካየችው ጋር ይገጥማል፤ ልዩነቱ የሜሎን ተማሪዎች ቢያንስ ደጃፉን ማለፋቸው ነው።

እኛ እስከዚያ አልሄድንም። ጊዜውም ፈቃዱም አልነበረንም፤ ስለዚህ ሪፖርታችን የሚናገረው ስለ መጡት ሰዎች ብቻ እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፍን።

አንድ ያልተቋጨ ክርክር

በመጨረሻ የካንቶርን አራተኛ ቅርንጫፍ «የተጠቃሚ ስህተት» የሚለውን ስሙን አስቀርተን ለሦስት ከፈልነው፦ የካታሎጉ ቃል ከአንባቢው ቃል ጋር ያልገጠመበት፣ የመደርደሪያው ምልክት ያላደረሰበትና አንባቢው መጠየቅ እየፈለገ ሳይጠይቅ የቀረበት። የእርካታው ጥያቄ ግን አልወጣም። ኃላፊዎቹ ካለፈው ዓመት ጋር ለማወዳደር ያስፈልጋል አሉ፤ አነጋገራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እኛም እርካታው በተቀመጠበት ሠንጠረዥ ላይ፣ ከእርሱ ሥር፣ የመጡበትን ሳያገኙ የሄዱትን የሚያሳይ ረድፍ ጨመርን።

ሁለት ሆነን መልሶቹን ስንመድብ ግን አንዱ ላይ ሳንስማማ ቀረን። አንድ አንባቢ ሊወስደው የመጣውን መጽሐፍ እንዳላገኘው፣ በፍለጋው መሐል ግን ከአጠገቡ ያለውን ሌላ መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብ ጥያቄው ራሱ እንደ ተለወጠበት፣ ያንኑ ተውሶ እንደ ሄደ ጽፏል። ባልደረባዬ ውድቀት ነው አለ፤ ሰውየው የመጣበትን አላገኘምና። እኔ በማርሻ ቤትስ የ1989 ጽሑፍ ተከራከርኩ፤ ቤትስ ሰው ሲፈልግ ጥያቄው ባለበት እንደማይቆም፣ በየደረጃው ካገኘው ጥቂት ጥቂት እየለቀመ አቅጣጫውን እንደሚቀይር ታስረዳለች፤ በዚህ ዓይን ከታየ የሰውየው ፍለጋ ተሳክቷል። ባልደረባዬም «ታዲያ መጀመሪያ የፈለገውን መጽሐፍ ለምን እንዳጣው ማን ያጣራል?» አለኝ። ይህም ትክክል ነው። ያን መልስ በሁለቱም ረድፍ አስገብተነዋል፤ ድምሩ ከ100 በመቶ የበለጠበትን ምክንያትም ከሠንጠረዡ ግርጌ አስፍረናል።